ከድርን የሸኘሁባት ሞተር

ባለፈው ሰሞን የዓይን ጠብታ ልገዛ ደሴ ወጥቼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ የሞተር ዕቃ መሸጫ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ሥራውን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም ዓይኔም አሰናብተውኛል። ቢሆንም የአዲስ ጎማና የቅባት ሽታ ሲሸተኝ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ ኦይልሲሎች በሽቦ ተሰክተው እንደ አምባር ተንጠልጥለዋል። ኦይልሲል ማለት በሞተር ብስክሌት የፊት እግሮች ውስጥ ያለው ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገጣጥመው ከሚሠሩት ክብ የማይበልጥ ጥቁር ጎማ ነው። ሻጯ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ልጅ ናት። «አባባ፣ ስንት ቁጥር ነው የሚፈልጉት? ሁሉም አለ» አለችኝ። አንዱን አውርዳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። መልሼ ሰጠኋትና ምንም ሳልገዛ፣ ዝናቡም ሳያባራ ወጣሁ።

ጋራዤ የነበረው ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውጫሌ መውጫው ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ጋራዥ ስላችሁ አራት ቋሚ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራና ዘይት የጠጣ መሬት ማለቴ ነው። ከፊት ለፊቴ የተጠበሰ ቆሮሶ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጡ ነበር። ዓሣው ጠዋት ከሐይቁ ይወጣል፣ ረፋድ ላይ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ የሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ በመስኮት እጁን ዘርግቶ ይገዛ ነበር። እኔ ወጣት ሳለሁ በአካባቢው ሞተር የነበራቸው የወባ መሥሪያ ቤቱና የከብት ሐኪሙ ብቻ ነበሩ፤ ድምፁን ከሩቅ ሰምተን ማን እንደሚመጣ እናውቅ ነበር። ኦይልሲል ጥንዱ በአሥራ አምስት ብር ይገኝ ነበር፤ እሱንም ውድ ነው ብለን እንከራከራለን። ኋላ የዓረብ አገር ገንዘብ መጣና በየቀበሌው ሞተር ሆነ። ልጆቹ ከጅዳና ከሪያድ ሲመለሱ መጀመሪያ የእናታቸውን ጣራ በቆርቆሮ ይለውጣሉ፣ ቀጥሎ ሞተር ይገዛሉ።

ያ ለውጥ መጣ የተባለበት ዘመን ሲብት ደግሞ ከተማው የሠርግ ቤት መሰለ። ወጣቱ ፎቶ የታተመበት ካናቴራ ለብሶ ይውላል፤ ባጃጆቹ ባንዲራ አሰሩ፤ ጸጉር አስተካካዩ ትልቁን ስፒከር ደጃፉ ላይ አውጥቶ አምባሰልን በኦርጋን ያስጮኸዋል። ባለቤቴ ሰዕዳ «አምባሰል ያለ ማሲንቆ ምኑ ይጥማል» እያለች ታማርራለች፤ ግን ልብስ ስታሰጣ ከንፈሯ አብሮ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ። እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ዛሬ ብናገር አላፍርም። ጣራውን አስፋፍቼ ሁለተኛ የሥራ ጠረጴዛ አስገባሁ።

ከድር የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የአምባሰል ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ጎን ላይ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በባቲ በኩል ወጥቶ፣ በረሃውንም ባሕሩንም አልፎ፣ ጅዳ ስምንት ዓመት መኪና ሲያጥብ ኖሮ ተመለሰ። ዓርብ ዓርብ ነጭ ጀለብያ ለብሶ፣ ዑድ ተቀብቶ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፤ በሌላው ቀን ግን አንድ ግራጫ ሹራብና ጂንስ ነበር ልብሱ። «አገር ተስተካከለ ሲሉ ሰማሁና መጣሁ ጋሼ» አለኝ። ባመጣው ገንዘብ ያገለገለች ቀይ ሞተር ገዛ። ሐያትን አገባ፤ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ግቢያችን ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራዩን። ሐያት ልብስ ሰፊ ናት፤ የእግር መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ስትሰፋ ትውላለች። እሱ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ወደ ገጠሩ ሰው ያመላልሳል፤ ሳምንት አይዘልም እናቱን እትዬ ራሕማን ያያል። አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ለእናቱ ያለ እሱ ማንም አልነበራቸውም።

እኛ ልጅ አልወለድንም። ሰዕዳ ለምሳ ስትጠራው «ልጄ» ማለት የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እኔ እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ ሞተሩን ግን ሳይጠይቀኝ አይለት ነበር።

በመጨረሻው ክረምት ማብቂያ ላይ የሞተሯ የፊት እግሮች ዘይት ማፍሰስ ጀመሩ። ያ የጠጠር መንገድ ነው የበላቸው። መጀመሪያ ላብ የመሰለ ነገር አየሁ፤ በሳምንቱ ከሁለቱም እግር እየወረደ መንኮራኩሩንና የፊት ፍሬኑን አራሰው። ዘይት የጠጣ ፍሬን አይዝም። ዘይት ያለቀባት ሞተር ደግሞ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ እጅህ ውስጥ እንደ ፍየል ትዘላለች። «ኦይልሲል እስክናገኝ አቁማት» አልኩት፤ አቆማት።

ኦይልሲል ግን የለም። በዚያ ጊዜ ምን ነበረ? ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየቀረበ ነው። በአስፋልቱ ላይ ከወልድያ፣ ከመርሳ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ያልፋል፤ ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ። ዓሣ ሻጮቹ መሸጥ ትተው ውኃ ያቀብሉ ነበር። ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ ከሥርቻ ይሸጣል፤ ዋጋው ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። አዲስ አበባ የሚጫን ዕቃ ደሴ አይደርስም። ታደሰ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ወዳጄ ደሴ ወጥቶ አፈላልጎ፣ በሩን ግማሽ ከከፈተ አንድ ሱቅ ጥንድ ኦይልሲል አመጣልኝ። በደስታ እጁን ሳምኩት። ስገጥመው ግን አልገባም፤ የውጭ ክቡ በአንድ ሚሊ ይሰፋል። አንድ ሚሊ! በሞረድ ብሞርደው ብረቱ ወጣ። ታደሰ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ሌላ ቁጥር አልነበረም ይማም። የነበረው እሱ ብቻ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ደሴም አልተመላለሰም፤ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

ከድር በማግስቱ ጠዋት መጣ። እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል።

«ጋሼ ይማም፣ እናቴን ላመጣት ነው» አለኝ።

«በምን?»

«በሷ ነዋ» አለ ሞተሯን እያየ። «መኪና ሁሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ ወደዚያ የሚሄድ የለም። ስልክም ተቋርጧል። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ እንኳን ሐይቅ፣ ውጫሌም በእግሯ አትደርስ።»

«ፍሬኑ ዘይት ጠጥቷል ከድር። ያን ቁልቁለት እናትህን ከኋላ አስቀምጠህ ልትወርድ ነው?»

«ለዚህ ነዋ ወደ አንቱ የመጣሁ» አለ። «የአንቱ እጅ ያውቃል።»

አይሆንም ማለት እችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በመፍቻ የኖረ እጅ ግን አይሆንም ማለት አይወድም። ደግሞም እናቱ ናቸው፤ እናትህን ተዋት እንዴት ይባላል? የፊት ጎማውን አወጣሁ፤ ሁለቱንም እግሮች ፈትቼ ዘይቱን ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩት። ጥቁር ነበር፣ የቆየ ዓሣ ይሸት ነበር። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ጠጠር የመታበት ጭረት አገኘሁ፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ጥፍሬን እስከማይዘው ድረስ አለሰለስኩት። አሮጌዎቹን ኦይልሲሎች በሳሙና አጠብኩ። በውስጣቸው ከንፈራቸውን የሚያጠብቅ እንደ ክር የቀጠነ ሞላ አለ፤ እሱን አውጥቼ ከጫፉ ትንሽ ቆርጬ መልሼ አገጣጠምኩት፣ ዘንጉን አጥብቆ እንዲያንቅ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ችግር አስተማረኝ። ለእግሩ የሚሆነው ቀጭን ዘይት ስላልነበረ ወፈር ያለ የሞተር ዘይት ሞላሁ። ሐያት ከበረንዳ ሆና ስታይ ቆይታ፣ ከአሮጌ ጂንስ ሁለት እጅጌ የመሰለ ሽፋን በቢጫ ክር ሰፍታ አመጣች፤ አቧራ እንዳይገባ ዘንጎቹ ላይ አለበስናቸው። ፍሬኑን በቤንዚን አጠብኩት። ከድር ላዩ ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ ተጫናት፤ ሽፋኑን ገልጬ ብዳብሰው ጣቴ ደረቅ ወጣ።

«ትይዛለች?» አለኝ።

«ደርሰህ እስክትመለስ ትይዛለች» አልኩት። «ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብዙ አትመን። በማርሽ ያዛት።»

«አብሽሩ ጋሼ። ኢንሻአላህ ነገ እዚህ ነን።»

ሐያት ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው። ለእናቱ ከኋላ እንዲመቻቸው የእኛን ትራስ አሰርንበት። ከሕዝቡ በተቃራኒ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ወጣ፤ ግራጫው ሹራብ በሰው መሐል እስኪጠፋ ቆመን አየን። ሰዕዳ ዱዓ አደረገች። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ሞተሯ ነበር የማስበው፤ አሮጌ ኦይልሲል መልሼ በማሠራቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ታጣቂዎቹ ከተማችን ገቡ።

ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር። እኛ የቀረነው ሰዕዳ እግሯን ታማ መንገድ ስለማትችል ነው፤ ሐያት ደግሞ «ሲመጣ የት ይፈልገኛል?» ብላ አልሄድም አለች። ስለዚያ ጊዜ ሌላው ሰው የሚለውን እኔ አልደግመውም። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ የቧንቧ ውኃ የለም፣ ወፍጮ የለም፤ እህል ጥሬውን ቀቅለን በላን። የሐያት የእግር መኪና ከበረንዳ ወደ ክፍሏ ገባ። በየጠዋቱ እንስራዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ከመውረዷ በፊት ደጃፌ ላይ ትቆምና «ጋሼ፣ የሰሙት ነገር አለ?» ትለኛለች።

«የለም። እናቱ ዘንድ ይሆናል። መንገዱ ሲዘጋበት እዚያው ቀርቶ ነው፤ አብሽሪ» እላታለሁ። እኔም የምለውን አምን ነበር።

ከዚያ በአንዱ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሐያት ውኃ ወርዳ ሳለ፣ ሁለት ታጣቂዎች ሞተር እየገፉ ጋራዡ ድረስ መጡ። አንደኛው ያነክሳል፤ ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፣ ደክሟቸዋል። «አባት፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጥሷል» አለኝ የሚያነክሰው፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም።

ቀዩን ታንከር ከማየቴ በፊት ያየሁት ቢጫውን ክር ነው።

ጎንበስ ብዬ ገመዱን የማይ መስዬ ሽፋኑን ገለጥኩ። ዘንጉ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለም። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጠጠር ችሎ ይዟል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም የጠላሁት ሥራ የለኝም። ትራሱ ከኋላ የለም። ደም ፈለግሁ፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከመሪው ላይ፣ ከታንከሩ ጎን፤ አልነበረም። የወደቀችበት ምልክትም አልነበረም።

«ከየት አገኛችኋት?» አልኩ፣ የተበጠሰውን ገመድ እየመዘዝኩ።

«ከመንገድ» አለኝ።

«ባለቤቷስ?»

ሁለቱ ተያዩ። ሌላው፣ ያልተናገረው፣ ወደ አስፋልቱ ዞረ። የሚያነክሰው «እኛ ከሌሎች ነው የተቀበልናት፤ ባለቤት አላየንም። ሥራ አባት» አለ።

ሌላ አልጠየቅኩም። መጠየቅ የነበረብኝ ይመስለኛል። ያኔ ግን በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐያት እንስራዋን አዝላ ከሐይቁ ሳትመለስ እንዲሄዱ። ብታያት ሞተሯ ላይ ትወድቃለች፣ መሪዋን ይዛ አትለቅም፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርጓት አላውቅም። ስለዚህ ቸኮልኩ። ከሌላ ሞተር የወጣ ገመድ ነበረኝ፤ አሳጥሬ ገጠምኩት፣ ሞከርኩት፣ ጠበቀ። የባለቤቱን መጥፋት እያወቅሁ፣ በፍጥነትና በጥንቃቄ ሠራሁላቸው። «እግዜር ይስጥልን» ብለውኝ ተነሡ። አቧራቸው ሳይረግፍ ሐያት በማዶ ብቅ አለች።

«ሞተር ሰማሁ» አለችኝ፣ እንስራዋን ሳታወርድ። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

«የሰዎቹ ነው» አልኳት። «ገመድ ተበጥሶባቸው።»

እንስራዋን አግዤ አወረድኩላት። በማግስቱም ደጃፌ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ፤ በማግስቱም «እናቱ ዘንድ ነው» አልኳት። ለሰዕዳ እንኳ አልተናገርኩም። መጀመሪያ የተናገርኩትን አምኜ ነበር ብያለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ውሸት ነው፣ ያውም እያወቅኩት በየጠዋቱ የምደግመው።

ታጣቂዎቹ ወጡ፤ መንገዱ ተከፈተ። ስልክ ከመሠራቱ በፊት፣ አንድ ከሰዓት፣ እትዬ ራሕማ በዱላ እየተደገፉ፣ አንድ ገበሬ በአህያው እያገዛቸው ግቢያችን ገቡ። እግራቸው አብጧል። ሐያት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ በትከሻቸው ላይ አሻግራ በሩን አየች። እሳቸውም የሷን ክፍል በር ያዩ ነበር።

«ከድርስ?» አሉ ሁለቱም፤ እኩል ነው ያሉት።

እትዬ ራሕማ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ ሚስቱ ጋ ነው ብዬ ነው የመጣሁ» አሉ። «ወደኔ አልደረሰም። ክረምቱ ሳይወጣ ነው ያየሁት።»

ሐያት ወደኔ ዞረች። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። የሞተሯን መምጣት፣ ሽፋኑን፣ ቢጫውን ክር፣ የጠየቅሁትንና ያልጠየቅሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰዕዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

«ስንት ጠዋት ጠየቅኩዎት ጋሼ?» አለች ሐያት። አልጮኸችም።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር ልጄ?»

«እሄድ ነበር» አለች። «መንገዱን መንገዱን እያየሁ እሄድ ነበር።»

እናቱ ግን «ሞተሯ ላይ ደም ነበር?» አሉኝ። አልነበረም አልኳቸው። «በአላህ?» አሉ። «በአላህ» አልኩ። እውነት ነበር። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በዚያች አንዲት መልስ ዓመታት ኖሩባት።

ፈለግነው። እኔና ከኮምቦልቻ የመጣልኝ ታደሰ ከሐይቅ እስከ መርሳ ያልጠየቅነው ሰው የለም። አንዱ ውጫሌ መግቢያ ላይ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ልጅ ሲያስቆሙት አይቻለሁ አለ፤ ሌላው ነጂ ሲፈልጉ ወስደውታል አለ፤ ሦስተኛው እሱ ሌላ ልጅ ነው አለ። ሆስፒታል አየን፤ ስም ዝርዝር አነበብን፤ አዲስ አፈር ያለበት ቦታ ሁሉ ቆመን ተመለስን። ሽማግሌዎች መጥተው ለእትዬ ራሕማ ለቅሶ ይቀመጡ አሏቸው፤ የሌለ ሰውም ይሰገድበታል አሏቸው። «ሬሳውን ያላየሁትን ልጄን በአፌ አልገድለውም» አሉ። ሐያት ሁለት ዓመት ከጠበቀች በኋላ እሱ ስምንት ዓመት ወደ ኖረባት ጅዳ ለቤት ሥራ ሄደች። የእግር መኪናዋ እዚህ አለ። እናቱ ወደ ተራራው አልተመለሱም፤ በክፍሏ ገቡ፤ ያቺ ክፍል ካልተዘጋች ይመጣል ብለው። ሐያት እየደወለች ከሳቸው ጋር ታወራለች፤ «ጋሼስ ደኅና ናቸው?» ትላለች አሉ። ከእኔ ጋር እንዲያገናኟት ግን ጠይቃ አታውቅም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሞተር ስፈታ እጄ ይዘገይ ጀመር። ሥራው ቢበላሽብኝ ኖሮስ እላለሁ። ኦይልሲሉ ባይይዝ፣ ዘይቱ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቢፈስ፣ «አልቻልኩም ልጄ» ብዬው ቢሆን። ይህን አንድ ጊዜ ለእትዬ ራሕማ ተናገርኩት። ሽንብራ እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ባትሠራለት በእግሩ ይመጣ ነበር» አሉኝ። «አስወጪው እኔ ነኝ እንጂ ሞተሯ አይደለችም።» ሊያጽናኑኝ ይሁን ራሳቸውን ሊከሱ አላወቅኩም። ቁጭ ብዬ አብሬያቸው ለቀምኩ።

ጠብታውን ይዤ ከደሴ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ራሕማ አስጠሩኝ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጭ ለብሰዋል። ከስተዋል፤ ከረመዳን ወዲህ እህል እየቀነሱ ነበር።

«ይማም፣ ዛሬ ለቅሶ ልቀመጥ ነው» አሉኝ። «ድንኳን አስተክልልኝ።»

«አንድ ነገር ሰምተው ነው?» አልኩ።

«ምንም አልሰማሁ። እንዲያው እኔም መሄዴ ነው። ከኔ በኋላ ማን ያለቅስለታል? ሐያት ሩቅ ናት፤ ወጣት ናት፣ ሌላ ኑሮ ይኑራት። እሱ ሳይለቀስለት አይቅር አልኩ። በሕይወት ካለም እናቱ አልቅሳበት ትሞታለች እንጂ ምን ይሆናል?»

እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ሼሁ መጡ፣ ተሰገደ፣ ቁርኣን ተቀራ። ዓሣ ሻጮቹ መጡ፤ ታደሰ ከነቤተሰቡ ከኮምቦልቻ መጣ፤ በሐይቁ ካለው ገዳም ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ድንኳኑ ሲሞላ እኔ እንደ ቤቱ ሰው ውኃ ላቀብል፣ ወንበር ላስተካክል ወዲያ ወዲህ እል ነበር።

እትዬ ራሕማ ከፊት፣ ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። እጃቸውን አነሡና ጠሩኝ። የሚፈልጉት ነገር መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዘው ወደታች ሳቡኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አንተም የሱ ሰው ነህ። ላንተም ይበሉህ።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ እጃችንን ይዞ «አላህ ያጽናችሁ» አለን።